ዘመድ የሌለው ይቀመጥ

ባለፈው ወር የእድራችን አዲሷ ጸሐፊ አንድ ወረቀት ይዛ ቤታችን ድረስ መጣች። ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ነገር የማይጓተትባት ልጅ ናት። እድሩ ለአዳራሹ ዘበኛ ሊቀጥር ነው፤ ከአመልካቾቹ አንዱን የሚመርጡ ሦስት ሰዎች ሲሰየሙ አንደኛው እኔ ሆኛለሁ። ወረቀቱ «ከአመልካቾቹ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና፣ የሥራ ሽርክና ወይም ሌላ የግል ጉዳይ አለዎት?» ብሎ ይጠይቃል።

«አባባ፣ ‹የለኝም› ብለው ይፈርሙልኝ፤ ሌሎቹም እንደዚያው ነው ያደረጉት» አለችኝ እስክሪብቶዋን እየሰጠችኝ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩና «ሌላ የግል ጉዳይ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከአመልካቾቹ አንዱንም አላውቅም። ችግሩ እነሱ ጋ አልነበረም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እዚሁ ነቀምት ውስጥ ይህን የመሰለ ጥያቄ በቃል ተጠይቄ ዝም ያልኩበት ቀን ነበር፤ እሱ ነው የመጣብኝ። ልጅቷን ሻይ አጠጥቼ «ነገ ውሰጂው» ብዬ ሸኘኋት።

ነቀምት የገባሁት በጃንሆይ ጊዜ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ቡሬ ነው፤ አዲስ አበባ መምህርነት ተማርኩና ወለጋ ተመደብኩ። ጊዜው ክረምት ስለነበር ባኮን እንዳለፍን አውቶቡሱ ጭቃ ያዘውና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ። እኔም አዲሱን ልብሴን ለብሼ ገፋሁ። ከተማው ስደርስ መምህር ሳይሆን ሸክላ ሠሪ ነበር የምመስለው። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አዴ ጫልቱ አይታኝ ሳቀች፤ እግሬን የምታጠብበት ውኃ አቀረበችልኝ፤ ከዚያም አንጮቴ በቅቤ ሰጠችኝ። አንጮቴ ድንች ይመስላል እንጂ ድንች አይደለም፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሥር ነው፣ ይቀቀልና ይወቀጣል። ያን ቀን ሁለት ሳህን በላሁ። እስከ ዛሬ ካላገኘሁት የምቆጣው እሱን ነው።

ኦሮምኛ አንድ ቃል አልችልም ነበር። ተማሪዎቼ አስተማሩኝ፤ ስሳሳት ይስቁብኛል፣ ሲሳሳቱ እስቅባቸዋለሁ። ዓመት ሳይሞላኝ ገበያ ላይ ዋጋ መከራከር ቻልኩ። ያም ሆኖ የከተማው ሰው ስለ እኔ ሲያወራ «መምህሩ፣ ያ ዘመድ የሌለው ልጅ» ነበር የሚለው። በሐዘኔታ ነው የሚሉት፤ በወለጋ ዘመድ የሌለው ሰው ጣሪያ እንደሌለው ቤት ነው የሚታየው። በኋላ ግን ይኸው ዘመድ ማጣቴ ትልቅ ሰው አደረገኝ።

በከተማው የልጆች ማስተማሪያ ማኅበር የሚባል ነበር። ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም፤ አባላቱ ነጋዴ፣ ገበሬ፣ ልብስ ሰፊ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። በየወሩ እሑድ ከቸርች መልስ እኛ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ውስጥ፣ የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይሰበሰባሉ። ሥራቸው በየዓመቱ አንድ ልጅ መርጠው፣ አዲስ አበባ ልከው፣ ሙያ ማስተማር ነው። የተማረው ልጅ ተመልሶ ወለጋ ውስጥ ያገለግላል። ሊቀመንበሩ ኦቦ ዲንሳ ይባላል፤ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከባለጉዳይ ውኃ እንኳ ጠጥቶ አያውቅም የሚባልለት ሰው ነው። እኔን ጸሐፊ ያደረገኝ እሱ ነው፤ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ።

ሁለተኛው ዓመቴ ላይ ማኅበሩ አንዲት ልጅ ለነርስነት ሊልክ ወሰነ። ፈተና ተሰጠ፤ ሁለት ልጆች እኩል ሊባል በሚችል ውጤት አለፉ። አንደኛዋ ቀነኒ ናት፣ የጉቴ ልጅ፣ ከጉቴ ነቀምት በእግሯ እየተመላለሰች ስምንተኛን የጨረሰች። ሁለተኛዋ አስቴር ናት፣ የልብስ ሰፊው የኦቦ ጉተማ ልጅ።

ስለ አስቴር እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሃያ ዓመቷ ነበር፤ አባቷ በረንዳ ላይ ሲሰፋ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። መጀመሪያ የሄድኩት ሱሪዬ ተቀዶ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቁልፎቼ መርገፍ አበዙ። በምላጭ ቆርጬ የጣልኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሸሚዜን አገላብጣ አየችና «መምህር፣ ይህን ክር የበላው አይጥ ጥርሱ የተሳለ ነው» አለችኝ። ጆሮዬ ጋለ። እሷ ግን ምንም እንዳልተናገረች ቁልፉን ተከለችና ሰጠችኝ። ከዚያ በላይ በመካከላችን የተባለ ነገር አልነበረም። ለማንም አልነገርኩም፣ ለእሷም ጭምር። በልቤ ግን ጎጆውን ቀልሼ ጨርሼ ነበር፤ የቀረኝ ሽማግሌ መላክ ብቻ ነው። እሷ ነርስነት ስትፈተን እኔ የትምህርቱን ሦስት ዓመት ቆጠርኩ። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት የቆየች ቆንጆ ልጅ ለቁልፍ ቆራጭ መምህር ብላ ትመለሳለች ብዬ አላመንኩም።

ምርጫው የተደረገው በነሐሴ መጨረሻ፣ እሑድ ከሰዓት ነው። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መደማመጥ አልተቻለም፤ ሲያባራ ኦቦ ዲንሳ ተነሳ።

«ባለፈው ዓመት ‹ዘመዳቸውን ላኩ› ተብለን ታምተናል» አለ። «ዘንድሮ ማንም አያማንም። ከሁለቱ ልጆች ጋር የሚዛመድ ይውጣ። ዘመድ የሌለው ይቀመጥና ይምረጥ።»

«ዝምድናው እስከ የት ነው የሚቆጠረው?» አለ አንዱ ከኋላ።

ኦቦ ዲንሳ ብዙ አላሰበም። በአገሩ ዝምድና የሚቆጠርበት የታወቀ መንገድ አለ፤ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ ሰባት ቤት ድረስ አያት ቅድመ አያት ይቆጠራል፣ ከተገናኙ ጋብቻ የለም።

«እንደ ጋብቻ ነው» አለ። «ሰባት ቤት ቁጠሩ። ልጅቷን ወይ ራሱ ወይ ልጁ ሊያገባት የማይፈቀድለት ዘመድ ነውና ይውጣ። ሊያገባት የሚችል ባዳ ነው፤ ይቀመጥ።»

ቆጠራው ተጀመረ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሰው ሁሉ ጣቱን እያጠፈ አያቶቹን ይጠራል። አንዱ በአምስተኛው ላይ ከቀነኒ እናት ጋር ተገናኘና እየሳቀ ወጣ። ሌላውና የሃያ ዓመት ጎረቤቱ ሁለቱም የአስቴር ዘመድ ሆነው ተገኙ፤ እርስ በርሳቸውም በስድስተኛው አያት ወንድማማች መሆናቸውን እዚያው አወቁ፤ ተቃቅፈው አብረው ወጡ። ኦቦ ዲንሳም ቆጠረና ራሱን ከአስቴርም ከቀነኒም ጋር አገኘው። «ማሎ፣ ምን ይደረግ፣ እኔም ወጣሁ» ብሎ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ዝናቡ ዳግም ጀመረ፤ ሃያ ምናምን ሰው በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ሥር፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ፍንጣቂ እየመታው ቆመ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሆነን ቀረን። አንዱ አቶ ታደሰ ነው፣ ከሰላሌ የመጣ የስልክ ቤት ሠራተኛ። ሁለተኛው ጋሽ ሽኩር ነው፣ ጉራጌ፣ ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ ያለው፣ ከተማው ውስጥ ከሁላችንም በፊት የከተመ። ሦስተኛው እኔ። ኦቦ ዲንሳ ከመውጣቱ በፊት አስምሎናል፤ ውስጥ የተባለውንም፣ ማን ለማን እንደሰጠም ለማንም ላንናገር። ለአስቴር የሚሰጥ የቡና ፍሬ፣ ለቀነኒ የሚሰጥ የበቆሎ ፍሬ ባርኔጣው ውስጥ ይጥላል።

መጀመሪያ የተናገረው ጋሽ ሽኩር ነው።

«እኔ አንድ ነገር አለብኝ» አለ። «ጉተማ ድሮ እኔ በረንዳ ላይ ነበር የሚሰፋው። ተጣላንና ወደ ሌላ በረንዳ ሄደ። እስካሁን ቅር እንዳለኝ ነው። ዝምድና አይደለም፣ ግን ልቤ ንጹሕ አይደለም። ብወጣ ይሻል ይሆን?»

አቶ ታደሰ ሳቀ። «ጋሽ ሽኩር፣ ሊቀመንበሩ የጠየቀው ዘመድ ነው፤ ቅያሜ አልጠየቀም። አንተ ከወጣህ በሁለት ሰው ምን ይመረጣል?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ሰውዬው በሩን ከፍቶልኝ ነበር፤ «እኔም አንድ ነገር አለብኝ» ብል ያልቅ ነበር። ምላሴ ላይ መጣ። ነገር ግን ከወጣሁ ምክንያቱን እጠየቃለሁ፣ ምክንያቱ ከታወቀ ከተማው ይስቅብኛል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስቴር ትሄዳለች። «ይቀመጥ፤ ቅያሜ ዝምድና አይደለም» አልኩ። ከዚያም እንደ ዳኛ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

አቶ ታደሰ ለቀነኒ ተከራከረ፤ ጉቴ አካባቢ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነቀምት ድረስ እንደምትመጣ ተናገረ። ጋሽ ሽኩር ወለሉን እያየ «ያቺ የጉተማ ልጅ» አለ፣ «ባለፈው ዓመት ልጄ እጁን መስታወት ሲቆርጠው ሮጣ መጥታ ያሰረችለት እሷ ናት። አባቷ አትሂጂ እያላት። እጇ አይንቀጠቀጥም።»

የመጨረሻው ተናጋሪ እኔ ነበርኩ። ነቀምት ሐኪም ቤት እንዳለው፣ የገጠሩ ሰው ግን ማንም እንደሌለው፣ ማኅበሩ የተቋቋመው ለራቀው እንደሆነ ተናገርኩ። አንድም ውሸት አልነበረበትም። ቢኖርበት ኖሮ ምናልባት እደነግጥ ነበር። አንድ በአንድ ተነስተን ባርኔጣው ውስጥ ጣልን። ስንገለብጠው ሁለት በቆሎና አንድ ቡና ወጣ። ጋሽ ሽኩር አየኝ።

ውጭ እልልታው ቀለጠ። የጉቴ ሰዎች ቀነኒን ተሸከሟት። አስቴር ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆማ፣ ጫማዋ በጭቃ ተነክሮ፣ ቀነኒን ሳመቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና በቀስታ ጠየቀችኝ።

«አንተ ለእኔ ነው የሰጠኸው፣ አይደል?»

«ምለናል እኮ» አልኳትና ፈገግ አልኩ። ከዋሸሁት ውሸት ሁሉ የከፋው ያ ፈገግታ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ አቶ ታደሰ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «እኔ ለጉቴዋ ነው የሰጠሁ» ብሎ አወራ። የስልክ ቤት ሰው ምስጢር እንዲይዝ ማስማል የእኛ ጅልነት ነው። ታዲያ ሌላውን በቆሎ ማን ጣለው? ሰው ሁሉ ለመገመት አልተቸገረም። ከጉተማ ጋር የተጣላው ጋሽ ሽኩር ነው። አስቴር ለጋሽ ሽኩር ሰላምታ መስጠት ተወች። ጨው የሚያስፈልጋት ቢሆን የእሱን ሱቅ አልፋ፣ ገበያውን ዞራ ከሌላ ትገዛለች። እሱ በራፉ ላይ ሆኖ «አካም ጂርታ፣ አስቴር?» ይላታል፤ እሷ ፊቷን ታዞራለች። እኔም አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ።

አዲሱ ዓመት ገብቶ፣ በጥር ሽማግሌ ላክሁ። ዘመድ ስለሌለኝ የሄደልኝ ራሱ ኦቦ ዲንሳ ነው። ጉዳዩን ስነግረው አየኝና «ከመቼ ጀምሮ ነው ያሰብካት?» አለኝ። «ከመስቀል ወዲህ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አመነኝ። ሰው ሲያምንህ እንዲህ እንደሚከብድ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ጋሽ ሽኩር ግን አላመነኝም። ለሠርጉ ስኳር ልገዛ ሱቁ ስገባ፣ እየሰፈረልኝ «ያን ቀን እኔ ልውጣ ስል መውጣት የነበረብህ አንተ ነህ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «ይንገሩኝ፣ ምን ላድርግ?» አልኩት።

«እኔ ምያለሁ፤ የማንንም አልናገርም። የራስህን መናገር ግን ለአንተ ነው። ለልጅቷ ንገራት።»

«እሺ፣ ከሠርጉ በኋላ» አልኩ። እውነቴን ነበር። ከሠርጉ በኋላ «ከመውለዷ በኋላ» ሆነ፤ ከወለደች በኋላ «ልጁ ጥርስ ካወጣ በኋላ» ሆነ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ማኅበሩም ፈረሰ፣ ሰው ሌላ ጭንቅ ገባበት። ቀነኒ ተምራ ተመልሳ መጀመሪያ ጉቴ፣ በኋላ ቢላ በምትባል ከተማ በነርስነት ሠራች፤ ስንት እናት እንዳዋለደች እሷም አታውቀውም። አስቴር ልብስ ሰፋች። የሰፈሩ ልጅ ወድቆ ሲደማ ግን ወደ እኛ ቤት ነው የሚሮጠው። አስራ፣ አጥባ፣ ትንሽ ተቆጥታ ትልከዋለች። ያን ባየሁ ቁጥር ተነስቼ ወደ ጓሮ እሄድ ነበር።

ጋሽ ሽኩር በደርግ ጊዜ ሞተ። ነቀምት ውስጥ ጠላትም ቢሆን ለቅሶ ይደረሳል፤ እዝኑ ላይ ያልተቀመጠ የከተማ ሰው አልነበረም። አስቴር አልሄደችም። «አንተ ሂድ፤ እኔ ለዚያ ሰው አላለቅስም» አለችኝ። ሄድኩና ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው ሲያየኝ «መምህር እንዴት ደግ ነው» ሳይል አይቀርም።

እንግዲህ የእድሩ ጸሐፊ ወረቀቱን ትታልኝ የሄደች ቀን አስቴርን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው የሚፈራው ነገር ያልቃል ይባላል፤ ውሸት ነው። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የጠየቀችኝ ስለ እኔ አልነበረም።

«ጋሽ ሽኩር ለማን ነው የሰጠው?»

«ለአንቺ።»

ተነስታ ሣጥኗን ከፈተች፤ ጥቁር ሻሿን አወጣችና ራሷ ላይ አሰረች። «ልበስ» አለችኝ። «የት?» ስላት ቀድማኝ ከበሩ ወጣች።

የጋሽ ሽኩር ልጅ ዘይነባ ዛሬም ከድሮው ሱቅ ጀርባ ነው የምትኖረው፤ የልጅ ልጅ አይታለች። በሩን ከፍታ አስቴርን በጥቁር ስታያት ደነገጠች፤ ከዚያ ምርጫ ወዲህ ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም።

«ምነው፣ ማንን አጣችሁ?» አለች።

«አባትሽን» አለች አስቴር። «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።» ገብታ ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ «እሱ ይነግርሻል» አለች።

ነገርኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲነገር ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ዘይነባ ሰምታኝ ስትጨርስ «እናቴ ‹ያቺን ልጅ ምን አድርገሃት ነው የማትሰላምህ?› ትለው ነበር» አለች። «‹ምንም› ይላታል። አላመነችውም። እሷም ሳታምነው ነው የሞተችው።» አስቴር እዚያ አለቀሰች፤ ሰውዬው ትናንት የሞተ ይመስል።

ያ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈ። ብዙ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ። ቀነኒ መመረጧ ስህተት አልነበረም፤ እኔ ባልኖር ኖሮም ምናልባት እሷ ትመረጥ ነበር። ግን አላውቅም፤ እኔ ስላለሁበት ማንም ሊያውቀው አይችልም። ኦቦ ዲንሳ ሰባት አያት አስቆጥሮ ዘመዱን ሁሉ ዝናብ ላይ ሲያወጣ፣ ሁለቱን ልጆች በእኩል ዓይን ያይ የነበረው ሰው ሁሉ ከበር ውጭ ነበር። ቂሙን የተናገረው ሰው በቂሙ አልተመራም፤ ፍቅሬን የደበቅኩት እኔ ግን በፍቅሬ ፈረድኩ።

አስቴር አሁን ቤት ውስጥ እንደ ድሮው ናት። ምሳ ታቀርብልኛለች፣ መድኃኒቴን ታስታውሰኛለች፣ ማታ አብረን ዜና እንሰማለን። ስለ ጋሽ ሽኩር ከዘይነባ ጋር በስልክ ታወራለች። ስለ ነርስነቱ ግን እስካሁን አንድ ቃል አላነሳችብኝም። ሃምሳ ዓመት ሳታውቀው እውነቱን ስትጠብቅ ኖራለች፤ አሁን የመጠበቅ ተራው የእኔ ነው። ቁጭ ብዬ እስክትጠይቀኝ እጠብቃለሁ።